ክራቫትና መሐረብ ከአንድ ጨርቅ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ክራቫት ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ፖስተኛው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዱ ወጥቶ መጠበቅ አለበት። ክራቫት ይሰፋል፣ የደረት ኪስ መሐረብ ይሰፋል፣ ምክር ደግሞ ሳይጠየቅ ይሰጣል። ሁለቱንም ከአንድ ጨርቅ ስፋልኝ ያለው ሰው መጣ ማለት ጉድ ፈላ ማለት ነው።

"ወንድሜ፣ መሐረቡ ከክራቫቱ አንዷን ቀለም ይዋስ እንጂ ቁርጥ እሱን አይምሰል" ይላል። "በካርቶን ታሽገህ የተገዛህ ትመስላለህ!"

በዚህ አመሉ ያኮረፉት ደንበኞች አሉ። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

የእንጀራ ልጁ እናቷን ተከትላ ቤቱ ስትገባ የወተት ጥርሷ እንኳ አልተነቀለም ነበር። አሳደጋት፤ ትምህርት ቤት አመላለሳት፤ ስትታመም አብሮ ታመመ። "ጋሼ" ትለዋለች። ወላጅ አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲጠፋ ይጠፋና ድንገት ብቅ ይላል። ብቅ ያለ ቀን ታዲያ "አባዬ!" ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ጋሽ ክራቫት ያንን ሲያይ ይቀናል፤ በመቅናቱ ደግሞ ያፍራል። ትንፍሽ ብሎ ግን አያውቅም።

ሠርጓ ሲቃረብ ሱቁ መጣችና ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበትን ወይን ጠጅ ሐር ከመደርደሪያው ሳበች።

"ጋሼ፣ ከዚህ አንድ ክራቫትና አንድ መሐረብ ስፋልኝ" አለች ፈገግ ብላ። "ክራቫቱ አዳራሹ ውስጥ ይዞኝ ለሚገባው ሰው ነው። መሐረቡ ደግሞ…"

"ከአንድ ጨርቅ?" አለ፣ እሳት የነካው ያህል ብድግ ብሎ። "በኔ ሱቅ? አይደረግም! ሰው ምን ይለኛል?"

"ለዛሬ እንኳ እንዳልኩህ አድርግልኝ። በሞቴ!" ብላ እየሳቀች ወጣች።

ቁጣው ሲበርድለት ነው ነገሩ የከነከነው። ይዞኝ የሚገባው ሰው። ወላጅ አባቷ ለሠርጉ እንደሚመጣ፣ አዲስ ሙሉ ልብስም እንዳሰፋ ያን ሰሞን ሰምቷል። እንግዲህ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ሄዶ ቢጠይቃት ይቀል ነበር፤ ግን መልሱን ከአፏ መስማት ፈራ።

የሾፌሩን ቁመት መለካት አላስፈለገውም፤ ዐይኑ ራሱ ሜትር ነው። ሰውየው በሱቁ በር ሲገባ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ጋሽ ክራቫት ግን ቁመት ሲታደል አርፍዶ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ሐሩን ዘርግቶ ለሎጋው ሰው በሚበቃ መጠን ቆረጠ። አጣሞ ቢሰፋው ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ እጁ ግን እሺ አላለውም። ገበሩን አሳምሮ አስገባ፤ የመሐረቡን ጠርዝ በእጁ ጠቀለለ። ዐይኑን እየጠረገ ሰፋው። ሚስቱ ምን ሆነህ ነው ብትለው ዐይኔን ደከመኝ አላት።

የሠርጉ ዕለት አመድማ ክራቫቱን አስሮ፣ ጥቅሉን ይዞ፣ ሙሽራዋ ከአዳራሹ ጎን ወደምትለብስበት ክፍል ገባ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሊወጣ ሲል ጠራችው።

"ወዴት ነው? በል ያሰርከውን ፍታ!"

"ምኑን?"

"ክራቫትህን ነዋ! ይሄን አስረህ አይደል ይዘኸኝ የምትገባው?" መሐረቡን አነሳች። "ይሄ የአባዬ ነው። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሰው የሆነ እንዳይመስለው ብዬ ነው። ያኔ ልነግርህ ስል መች አስጨረስከኝ!"

እሷ ራሷ አመድማውን ፈትታ አዲሱን አንገቱ ላይ አሰረችለት። የክራቫቱ ጫፍ ቀበቶውን አልፎ ወረደ፤ ወርዶም ጭኑ ላይ አረፈ።

"ኧረ ጋሼ! ዕድሜህን ሙሉ ክራቫት ሰፍተህ የራስህን ቁመት…" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ወላጅ አባቷ ከእንግዶቹ ሁሉ አንድ ራስ በልጦ ይታያል። እሱን አየች፤ ክራቫቱን አየች።

"ለአባዬ መስሎህ ነው?"

"ወላጅሽ እያለ ታዲያ…"

"እና ዝም ብለህ ሰፋህ?"

"ሠርግሽ ነው። ምን ልበል?"

"አታስለቅሰኝ፤ ፊቴ ይበላሻል" አለች፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። "ትምህርት ቤት ይዞኝ ሲመላለስ የኖረው ሰው እያለ ማን ይዞኝ እንዲገባ ነበር?"

እንባው እንዳያሳጣው ቶሎ ብሎ ስለ መቀስ አወራ። "ላሳጥረው፤ ሱቅ ደርሼ…"

"ጊዜ የለንም።"

ፈታችውና እንደገና አሰረችው፤ ሐሩን ዙሪያውን ደጋግማ እየጠመጠመች ትርፉን ቋጠሮው ውስጥ ጨረሰችው። አሁን ጫፉ ቀበቶው ላይ ደረሰ፤ ቋጠሮው ግን ጡጫ አከለ።

"ትንሽ ቀነስ ብታደርጊው…"

"ዝም በል፣ ጋሼ።"

ክንዱን ያዘችና ገቡ። ሾፌሩ ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ ቆመ፤ መሐረቡን ደረቱ ላይ በእጁ ነካ አደረገና ለጋሽ ክራቫት እጅ ነሳ። ጋሽ ክራቫትም እጅ ነሳው፤ ቅናቱን ቢፈልገው አጣው።

ሰው ለምሳ ሲነሳ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ፣ እሱ በክራቫት ጉዳይ ስንቴ የተቆጣው ሰውዬ፣ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከተፍ አለ።

"ጋሽ ክራቫት፣ ምን ነካህ? ይሄ ቋጠሮ ነው ወይስ ድንች?" አለና ሊያስተካክልለት እጁን ሰደደ።

ጋሽ ክራቫት ወደኋላ ሸሸ።

"እንዳትነካው" አለ። "ልጄ ናት ያሰረችልኝ።"