ጀምሺድ በልቷል

ዶሮው ለሦስተኛ ጊዜ ቦታ ቀየረ።

መጀመሪያ ከሳህኑ መሃል ነበር። ቀጥሎ በቢላዋ ተቆራርጦ ወደ ዳር ሄደ። አሁን ደግሞ በሹካ ጫፍ እየተገፋ ከተፈጨው ድንች ሥር ገብቶ ተቀበረ። ሹካው ባዶ አይደለም፤ ጉርሻ ይዞ ወደ አፍ ይነሣል። ከከንፈር ሊደርስ ሲል ግን ሰውየው ለጎረቤቱ አንድ ነገር ይነግራል፣ ይስቃል፣ ሹካውም እንደተጫነ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ብርጭቆውም እንደዚያው ነው። ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ውኃው ከነበረበት መሥመር ንቅንቅ አላለም።

አልታየሽ ከባንኮኒው ጀርባ ጭልፋዋን እንደያዘች ሁሉንም አየች። ሌላ ማንም አላየም። ማንስ ያያል? ሃያ ጎረምሳ አቀርቅሮ ሲግጥ ጣሪያው ቢወርድ እንኳ ቀና የሚል አይገኝም።

ጾመኛን ጾመኛ ያውቀዋል። ነገ ገና ነው፤ ዛሬ ጋድ። እሷም ከስቶክዌል የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ባተርሲ፣ ወንዙ ዳር ካለው የእንግሊዞች ኳስ ክለብ ልምምድ ሜዳ ከደረሰች ጀምሮ ያን ሁሉ እንቁላል ጠብሳ፣ ያን ሁሉ ዶሮ አገላብጣ፣ ጨው እንኳ አልቀመሰችም። ለሰውየው ደግሞ የረመዳን ሰባተኛ ቀኑ ነበር።

ስሙ ጀምሺድ ነው። ኢራናዊ፣ ተከላካይ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው። ለኳስ ተጫዋች ሠላሳ አንድ ማለት ሴት ልጅ በየሠርግ ቤቱ «አንቺስ መቼ ነው?» የምትባልበት ዕድሜ ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ሙከራ መጥቶ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ግጥሚያ አለ። እሱን ካለፈ ይፈርማል፤ ከፈረመ አገሩ ለክረምቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ትጠራዋለች። ካልፈረመ አትጠራውም፤ ሌላ ዓለም ዋንጫ ደግሞ ጉልበቱ አይጠብቅለትም።

ባንኮኒው ጥግ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የተጫዋቾቹ ስም ከላይ ወደ ታች፣ ቀኑ ከግራ ወደ ቀኝ። የበላ ሰው ሣጥኑ ውስጥ ቲክ ይደረግለታል፤ ከሥር አልታየሽ ትፈርማለች። ወረቀቱን የሚፈልገው የክለቡ ሐኪም ነው። አሰልጣኙም ረመዳን በገባ ዕለት እዚሁ አዳራሽ ቆሞ፣ «እኔ ሜዳ ላይ ባዶ ሆድ አይሮጥም። የሚጾም ካለ ዛሬውኑ ሻንጣውን ይያዝ» ብሎ ነበር። ማንም ሻንጣ አልያዘም። ጀምሺድም ከሁሉም ጋር ራሱን ነቀነቀ።

ሰባት ቀን ሙሉ አልታየሽ በጀምሺድ ስም ትይዩ ቲክ ስታደርግ ከረመች።

ሞኝ ሆና አይደለም። የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ሳለች ለዘመቻ ተብሎ ገጠር ተልካ ነበር። ሁዳዴ ገባ። የሰፈሩ ካድሬ የምትጾም ልጅ ሲያገኝ ሰው ፊት አቁሞ «ይቺን የደብተራ ልጅ እዩልኝ» እያለ ያስቅባት ነበር። ወጥ ቤቷ ወይዘሮ የሻረግ ታዲያ የሥጋ ወጥ የመሰለ ቀይ ሽሮ ለብቻ እየሠራች ለአልታየሽ ከድስቱ ጀርባ ትጨልፍላታለች። ካድሬው መጥቶ «ይቺ በላች?» ሲል የሻረግ ዓይኗን ሳታሽ፣ «በልታለች፣ ጓድ» ትላለች። ሃምሳ ቀን ሙሉ። አልታየሽ ያቺን ሴት አመስግናት አታውቅም። የዛሬ ቲኳ ያ ምስጋና ነበር፤ አድራሻው ቢሳሳትም።

«ዛሬም በላ?» አሉ ጋሽ አክሊሉ ከማጠቢያው በኩል ሳህኑን ሲቀበሏት። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ስድሳ ያለፋቸው፣ ሳህን እያጠቡ ዓለምን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው።

«በላ።»

«እንዴት ያለ መብላት ነው እባክሽ? ሳህኑ ከሄደበት ከብዶ ተመለሰ።»

«ጋሽ አክሊሉ፣ እርስዎ ሳህኑን ይጠቡ።»

«አጥባለሁ። አስከሬኑን የት ልቅበረው ነው የምልሽ።» ዶሮውን ከድንቹ ሥር በማንኪያ አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ፊርማሽ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። የሱ አይደለም፣ ያንቺ።»

«ጾመኛ ላስገድፍ?»

«አላልኩም። እጅሽን ሰብስቢ ነው ያልኩት።»

የጀምሺድን ታሪክ ያመጡላትም እሳቸው ናቸው። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ካፌ የማይጠፋ ኢራናዊ የታክሲ ነጂ አላቸው፤ እሱ ስሙን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ አሉ። ጀምሺድ የሸክላ ጡብ ሠሪ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከምድጃው የወጣ ትኩስ ጡብ ላይ በባዶ እግሩ ሮጧል። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ክለብ ሳይቀይር ተጫወተ፣ ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሣ፣ ለአገሩ ከስድሳ ጊዜ በላይ ተሰለፈ። «አንድ ቀን» አሉ ጋሽ አክሊሉ፣ «ግብ ጠባቂው ተጎድቶ ወጣ። ቅያሬ አልቋል። ያ ሰው ግብ ውስጥ አልገባም። ፊቱ ቆመና ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዲት ኳስ ወደ ግብ አላሳለፈም።» ታክሲ ነጂው ትንሽ ጨምሮበት ይሆናል። ጋሽ አክሊሉም ትንሽ ጨምረውበታል። ግን ከሁለቱ ውሸት ተርፎ የሚቀረውም ትልቅ ሰው ነው።

በሰባት ሰዓት ግጥሚያው ተጀመረ። አልታየሽ ድስት እየፈተገች በወጥ ቤቱ መስኮት ታያለች። ኳስ አታውቅም፤ ሰው መከለል ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ሌሎቹ ይሮጣሉ። ጀምሺድ አይሮጥም፤ ኳሱ ከሚደርስበት ቦታ ቀድሞ ቆሞ ይገኛል፣ እንግዳ ሊቀበል በር ላይ እንደወጣ አባወራ። አንድ ረጅም ልጅ አራት ጊዜ መጣበት፤ አራት ጊዜ ባዶ እግሩን ይዞ ተመለሰ። አሰልጣኙ ከመሥመሩ ዳር እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሲያጨበጭብ አየችው።

«ፈረመ በይው!» አሉ ጋሽ አክሊሉ በትከሻዋ በኩል።

«አፍዎን በቁራጭ ዳቦ!» አለችና ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ይኸው ነው።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ኳሱ ሩቅ ነው፤ አጠገቡ ማንም የለም፤ ሜዳው ደልዳላ። ጀምሺድ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ወደ መሬት አየ። ከዚያ በጉልበቱ ወረደ፣ ቀጥሎ በፊቱ። ለመውደቅ የቸኮለ አይመስልም ነበር።

ድስቱ ከእጇ ወጥቶ ማጠቢያው ውስጥ ጮኸ።

በዘጠኝ ሰዓት ሻይ ይዘሽ ነይ ተባለች። የሐኪሙ ክፍል ከፎቅ ነው። ጀምሺድ ነቅቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ የተለጠፉት ገመዶች ገና አልተነሡም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ብርጭቆ ውኃ አልነካም። ሐኪሙና አሰልጣኙ በራሱ ላይ አሻግረው ያወራሉ። ፈጣን እንግሊዝኛ ነው፤ ጀምሺድ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ፈገግ ይላል። አልታየሽ እንግሊዝኛ ስትሰማ ደህና ናት። ስትናገር ነው ቃሉ ሁሉ ከእጇ እንደ ሳሙና የሚያመልጠው።

«አባቱ በአርባ አንድ ዓመቱ ቆሞ ሲሄድ ወድቆ ነው የሞተው። ቅጹ ላይ ራሱ ሞልቶታል» አለ ሐኪሙ። «አሁን እሱ ራሱ ማንም ሳይነካው ወደቀ። የልቡ ሥዕል ላይም ደስ የማይለኝ ነገር አለ።»

«ድካም አይሆንም?» አለ አሰልጣኙ። ተጫዋቹን ማጣቱ እንደቆጨው ያስታውቃል።

«ባዶ ሆዱን ቢሆን ኖሮ እኔም እንደዚያ እል ነበር።» ሐኪሙ ወረቀቱን አነሣ። የሷን ወረቀት። «ግን ተመልከት። ቁርስ፣ ምሳ፣ ውኃ። አንድ ቀን አልዘለለም። በልቶ ጠጥቶ የወደቀ ሰው ነው። በዚህ ልብ ሜዳ ላይ አላስገባውም። ለአገሩ ፌዴሬሽንም እጽፋለሁ፤ ግዴታዬ ነው።»

አልታየሽ የሻይ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ወረቀቱ ተጠጋች። ወረቀቱ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ያሰመረችው ቲክ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እያንዳንዱ በእጇ ያበቀለችው።

«አልበላም» አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

«እሱ አይበላም። ጾም። ሰባት ቀን። እኔ... ውሸት። እኔ ቲክ፣ እሱ አይበላም።»

ሐኪሙ ቆጣ ብሎ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ነው። ብድግ ብሎ የሻይ ሳህኑን ተቀበላትና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ልብሽ ጥሩ ነው፣ አልታየሽ። ልትረጂው ፈልገሽ ነው። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ፈርመሽ ስታበቂ ዛሬ እንዲህ ስትዪኝ የቱን ልመን?»

«እሱን ጠይቁ!»

ሐኪሙ ወደ አልጋው ዞረ። በጣቱ ወደ አፉ እያሳየ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ቀስ ብሎ፣ «ጀምሺድ፣ ዛሬ በልተሃል?» አለው።

ጀምሺድ ሐኪሙን አየ። አሰልጣኙን አየ፤ ስለ ሻንጣ የተናገረውን አሰልጣኝ። ከዚያ እሷን አየ። ዓይኗ መቅላቱን፣ ሽርጧን በሁለት እጇ መጨምደዷን፣ በሐኪሙ እጅ ያለውን ወረቀትና ከሥሩ ያለውን ፊርማ አየ። ሁሉም ነገር ገባው። ማለትም፣ የገባው መሰለው። ይቺን ሴት በእኔ ሰበብ ሊያባርሯት ነው። እኔንም ጾመኛ ብለው ሊመልሱኝ ነው። ስለ ልብ የተባለውን አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። አልታየሽ ፊቱ ሲለወጥ አየች፤ ያን ረጅም ልጅ ሲጠብቅ የነበረው ፊት ነው። ቀድሞ ደርሶ ቆመ።

«በልቻለሁ» አለ። «ዶሮ። ድንች። በጣም ጥሩ።»

ከዚያ በሐኪሙ ጀርባ በኩል ለሷ ብቻ ዓይኑን ጨፈን አደረገላት። አይዞሽ ማለቱ ነበር።

ወጥ ቤት ስትመለስ ጋሽ አክሊሉ ስልኩን ይዘው ቆመዋል፤ የሆነውን በሁለት ቃል ስትነግራቸው የካፌውን ቁጥር መቱ። ካፌው አነሣ። ታክሲ ነጂው ተሳፋሪ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። «መልእክት ትቻለሁ» አሉ። «በፋርስኛ የሚነግርልን ሌላ ሰው አላውቅም።» ቀልድ ፈለጉና አጡ። ሳህን ማጠብ ጀመሩ፤ የታጠበውን።

ጀምሺድ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ወደ ማረፊያው የሚወስደው መኪና እስኪመጣ እዚያው ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጠ፣ በመስኮት ሰማዩን እያየ። አልታየሽ ሄዳ ፊቱ ቆመች። ወደ ፎቅ አመለከተች። እንደ ብዕር እጇን አየር ላይ አስኬደች። ከዚያ መዳፏን ደረቷ ላይ፣ ልቧ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ልብህን ነው የሚሉት። ልብህን።

ጀምሺድ ተነሣ። መዳፉን በደረቱ ላይ አደረገና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት።

«ኧረ አይደለም!» አለች በአማርኛ። «አይደለም እኮ! ምስጋና አይደለም!»

እሱም በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር መለሰ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የተጽናና ሰው ድምፅ።

ከወንዙ ማዶ ያለው የፀሐይ ብርሃን ጠፋ። ጀምሺድ ሰዓቱን አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውኃ ብርጭቆ አነሣ። በዚህ ጊዜ ውኃው ከነበረበት መሥመር ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። አልታየሽ የራሷን ምሳ ዕቃ ከፍታ አቀረበችለት፤ ሩዝና ምስር ነው፣ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ጾሟን ልትፈታበት የቋጠረችው። አጥብቆ በላ። ሳይቸኩል፣ ሳያወራ፣ ምንም ነገር ከምንም ሥር ሳይደብቅ በላ። የመጨረሻዋን የሩዝ ፍሬ በጣቱ ጫፍ አነሣት።

ከዚያ ባዶውን ዕቃ አዘንብሎ አሳያት። ሳቀ። ጥርሱ ሲታይ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አይመስልም። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ወደ ቦታው መልሶት ነበርና፣ በጣቱ ወደዚያ አመለከተና አየር ላይ ቲክ ሠራላት። በይ፣ አሁን አድርጊ። አሁን እውነት ነው።

ጋሽ አክሊሉ ውኃውን ዘጉ። ከላይ፣ ከሐኪሙ ክፍል፣ የደብዳቤ ማተሚያው ወረቀት ስቦ መጮህ ሲጀምር ተሰማ።

አልታየሽ ብዕሩን አንሥታ ወደ ወረቀቱ ሄደች። ስሙን በጣቷ ፈለገችው፤ ቀኑን ፈለገችው። የዛሬው ሣጥን ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል። ከኋላዋ ወንበሩን ሲያስጠጋ ሰማችው፤ እስክታደርግለት ይጠብቃል። ብዕሩን እንደያዘች በዚያ ሰፊ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ትፈልግ ጀመር።