ጨሌውን የጣለ እጅ

ባለፈው የጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ከብልባላ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውጭ የነበርነው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ አረጋ፣ ቄስ ወልደ ኪዳን፣ እናቴ ወለላ፣ እህቴ ምሥራቅና እኔ ነን። የቀረው ከቅዳሴ ወጥቶ ሊያይ የቆመ ሕዝብ ነው። ለእሳቱ እንጨት የለቀምኩት እኔ ነበርኩ።

የሚቃጠለው የእናቴ ጨሌ ነው። ከአያቷ የወረደ ጥቁርና ቀይ ዶቃ ሲሆን፣ ውቃቢዋ በእሱ ላይ ያድራል ይባላል። በየመስከረሙ ዶሮ ይታረድለት ነበር። የበልግ ዝናብ ሁለት ዓመት ሲቀርብን ቄስ ወልደ ኪዳን፣ «ሰማዩ የተዘጋብን በየቤቱ በተደበቀው ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው ሰበኩ። ስብከቱ እሑድ ነበር፤ ማክሰኞ አቶ አረጋ የቀበሌ ደንብ አድርገው አወጡት። ውቃቢ ካለበት ቤት፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጨሌውን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ይጥላል።

እናቴ ደንቡን አልተቃወመችም። የፈራችው ሌላ ነው። ውቃቢ ሲባረር ጨሌውን ወደ ጣለው ሰው ይዞራል ብላ ታምናለች። ስለዚህ፣ «እኔው እጥለዋለሁ፤ ከኔ ጋር ይቅር» ብላ ነበር።

ውቃቢው ሲመጣባት ደጋግማ ታፋሽጋለች። እሳቱ አጠገብ ስትደርስ ማፋሸግ ጀመረች። ጨሌው ያለበትን ሙዳይ የያዙት ጣቶቿ አልፈታ አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን በግንባሯ ላይ ቢያኖሩም አልተፈቱም።

«በሉ እንግዲያው ልጅቱ ትጣለው» አሉ አቶ አረጋ።

ምሥራቅ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ወደ እናቴ ስትጠጋ፣ እነዚያ ጣቶች ማንም ሳይነካቸው ተፈቱ። እናቴ ጣቶቿን አየቻቸው። ከዚያም ሙዳዩን መሬት ላይ አስቀምጣ ፊቱ ተቀመጠች።

«እንዳትነኪው፣ ልጄ።»

ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ «ሙሽራው በአንድ ጥሎሽ ሁለት ሊወስድ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ምሥራቅ አልሳቀችም።

እናቴ ቀና አለች። «አቶ አረጋ፣ ከንቱ ነገር ነው ብለዋል አይደል?»

«ብያለሁ።»

«የሚያስፈራ የለውም?»

«ዶቃ ነው እኮ፣ እትዬ ወለላ። የልጅ መጫወቻ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጣሉት።»

ሳቁ ቆመ። አቶ አረጋ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱም ቀስ ብለው፣ «ደንቡ ከቤተሰቡ ነው የሚለው» አሉ።

«ደንቡን ያወጡት እሳቸው አይደሉም?» አለች እናቴ።

ሁሉም እያያቸው ነው። አቶ አረጋ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሙዳዩን ከፈቱና ጨሌውን አነሡ። ቶሎ አልጣሉትም። ዶቃዎቹን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው መሃል እያሳለፉ ቆዩ።

«ይሞቃል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ጣሉት።

ክሩ ተበጥሶ ዶቃዎቹ በፍሙ ላይ ተበተኑ። እናቴ በመስከረም ዶሮው ሳይታረድ ከቀረ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። እዚያው ሣሩ ላይ ጋደም አለችና ተኛች። ሰው ሁሉ የምሥራቅን አፍ ያያል። እኔም አያለሁ። አላፋሸገችም።

ቄስ ወልደ ኪዳን ጸሎት ጀመሩ። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ሲደርሱ አቶ አረጋ አፋሸጉ።

«ለቅዳሴ ማልጄ ተነሥቼ ነው» አሉ።

እንደገና አፋሸጉ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ቢያደርጉም አልተዋቸውም። በአጠገባቸው የቆመው ሰው ትንሽ ትንሽ ራቀ። ቄሱም ጸሎቱን ሳያቋርጡ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

በማግስቱ አቶ አረጋ ቢሮ አልገቡም። ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ቤታችን መጥተው፣ የሚታረደው ዶሮ ቀይ ነው ወይስ ገብስማ ብለው እናቴን ጠየቋት። ገብስማ ነው አለቻቸው።