የጃንዋሪ አሥራ አንድ ልጅ

ኸይሪያ ከጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣላትን ደብዳቤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። በአርባ ስድስት ዓመቷ ማንበብ ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። «ልጅዎ ሩላ ዲሴምበር 28 ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላት፣ ከጋዛ እንዲወጡ በምንጠይቅላቸው የቤተሰብ አባላት ዝርዝር ልትካተት አትችልም።»

«በትክክል ነው ያነበብኩት?» አለች።

አስተማሪዋ ወይዘሮ ኡልሪከ መነጽሯን አወለቀች። «በትክክል ነው» አለች ቀስ ብላ።

በበርሊኑ ቤተ መጻሕፍት ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ኸይሪያ ስህተት ቢሆንላት በወደደች። ከሰባት ወር ወዲህ ሳትሳሳት ያነበበችው የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነበር።

«ሩላ አሥራ ስምንት አልሞላትም» አለች። «የተወለደችው ጃንዋሪ አሥራ አንድ ነው። ገና አምስት ቀን ይቀራታል።»

ጋዛ፣ ካን ዩኒስ ከተማ ውስጥ፣ ሩላ በተወለደች ሰሞን፣ አዋላጇን ለምና ቀኑን ወደ ዲሴምበር ያስመለሰችው ራሷ ናት። ዓመቱ ሳያልቅ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቀድሞ ይገባል። እሷ ደጁን ያልረገጠችውን ትምህርት ቤት ልጇ ቶሎ እንድትገባላት ነበር። ማንበብ በማትችለው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቷ ፈረመች። በኋላ ባሏ ሞተ። እንደገና አግብታ ወደ በርሊን ስትመጣ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሩላ ከአባቷ እናት ዘንድ ቀረች። ይህን ሁሉ ለኡልሪከ ነገረቻት፤ እውነተኛውን ቀን ልትጽፍላቸው እንደምትፈልግም።

«ይህን ከጻፉላቸው የሐሰት ወረቀት ማቅረብዎን አመኑ ማለት ነው» አለች ኡልሪከ። «የራስዎን የጀርመን ዜግነት ሊመረምሩት ይችላሉ።»

«ይመርምሩት። መንግሥታችሁ እስራኤልን አጥብቆ ቢለምናት እኮ ልጄ ትወጣለች። መሣሪያ ሲልክላት ወዲያው ይግባቡ የለ?»

«እንዲህ ቀላል አይደለም። አያቶቻችን በአይሁዶች ላይ ያደረጉት አለ። ከእነሱ ጎን መቆም ግዴታችን ነው።»

«አውቃለሁ። የተገደሉት አይሁዶች ስም የተቀረጸበትን፣ እደጅዎ የተቀበረውን የነሐስ ድንጋይ በኖቬምበር አብሬዎት ወልውዬ የለ? የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ስም እኔ አይደለሁ ያነበብኩልዎት? አልቅሰናል እኮ፣ ሁለታችንም።» ደብዳቤውን ወደ ኡልሪከ ገፋችው። «ለዚያ ጥፋት ሩላ ምን አገባት?»

ኡልሪከ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ ከፊቷ አስቀመጠችላት።

ኸይሪያ ከመጻፏ በፊት ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ ትናንት የደረሳትን የሩላን የድምፅ መልእክት ደግማ ሰማች። «እማዬ፣ አያቴ ሻንጣሽን አዘጋጂ አለችኝ። የምን ሻንጣ አልኳት። ያለኝ አንድ ፌስታል ነው፤ እሱንም ዱቄት ልግዛበት ብላ ልትወስድብኝ ነበር። ዝርዝሩ ወጣ እንዴ?» ከኋላዋ የሆነ ነገር ድም አለ። ሩላ ሳቋን ሳትጨርስ መልእክቱ ተቋረጠ።

አራት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀባት። አንዱንም ፊደል ኡልሪከ አልነካችላትም።

መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ከመስተዋቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ወጣት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ ተመለከታት፤ ምናልባት እናት አለችው።

«መልሱ በሦስት ሳምንት ይደርስዎታል» አለ።

«ልጄ አምስት ቀን ነው ያላት።»

«ወይዘሮ፣ እኔ መቀበል ብቻ ነው የምችለው። እኛም ብንሆን ስም እንልካለን እንጂ በሩ በእጃችን አይደለም።» ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አኖረ። «እዚህ ጋ ያለው ምንድነው? ሁለት ሰረዝ ነው የሚታየኝ።»

ኸይሪያ ጎንበስ ብላ አየች። አሥራ አንድን እንደ አገሯ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አድርጋ ጽፋዋለች። ጀርመኖች አንድ ቁጥርን ሲጽፉ ከአናቱ ላይ ዘንበል ያለች መስመር ይጨምሩበታል። ኡልሪከ ሁልጊዜ «ጣሪያውን ረሱት» እያለች ነበር የምታርማት።

«እስክሪብቶ ያውሱኝ» አለች።

ጎን ለጎን ከቆሙት ከሁለቱ መስመሮች በላይ፣ መጀመሪያ ለአንዷ፣ ቀጥላም ለሌላዋ ጣሪያ ሠራችላቸው።