ማዶ ያላችሁ!

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ እንጂ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ወረታ ላይ ግን ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ከተገኘ አይለቀቅም። የምርጫ ክልል ወሰን አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊ አደረጉኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንዲት ቃል ሲጨቃጨቁ ስጽፍ ከረምኩ። ቃሏ «ማዶ» ናት።

በምርጫ ክልላችን የመራጩ ቁጥር ስለበዛ አንድ ጎጥ ወደ ጎረቤት ምርጫ ክልል ይዛወር ተባለ። የቱ? ስለዚሁ ጉዳይ የተያዘው የድሮ ቃለ ጉባኤ ሲወጣ «ከርብ ወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ ይዛወር» ይላል። ከየት ሆነው ሲያዩት እንደሆነ ግን አይልም። ከወንዙ ወዲህ ዋርካ ሥር አለ፤ የማረሻ ፓርቲ እጩ የአቶ ሰውመሆን ትውልድ መንደር። ከወዲያ ቄጠማ በር አለ፤ የታንኳ ፓርቲዋ እጩ የንግሥቲ። «ወዲህ» እና «ወዲያ» ብዬ ስጽፍ እንኳ ንግሥቲ ገላምጣኛለች።

ንግሥቲ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የቄጠማ በርን ሕፃናት የከተበችው እሷ ናት። ጎጡ ከተዛወረ የገዛ እናቷ እንኳ ልትመርጣት አትችልም።

«እማ ለመመዝገብ የመጀመሪያዋ ነበረች» አለችኝ አንድ ቀን። «አሁን ምን ብዬ ልንገራት?»

ጸሐፊ ማዘን አይፈቀድለትም። እኔ ግን አዘንኩ።

በመጨረሻ ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው የጻፉት አያ ቢሻው በሕይወት እንዳሉ ተሰማ። መስከረም ነበር፤ ርብ ገና ሙሉ ነው፣ ሜዳው በሩዝ አረንጓዴ ለብሷል። ከሁለቱ እጩዎች ጋር በታንኳ ተሻግረን ቄጠማ በር፣ ቤታቸው ደጃፍ ደረስን።

«አያ ቢሻው፣ ማዶ ብለው ሲጽፉ የት ሆነው ነበር?» አልኳቸው።

«የት እሆናለሁ? እዚሁ ደጄ ላይ ተቀምጨ ነዋ!»

እንግዲያ ማዶ ያለው ዋርካ ሥር ሊሆን ነው። ሰውመሆን ከመቀመጫው ተስፈነጠረ።

«የለም! ማዶ የሚባለው ከወረታ ሲታይ ነው! እዚህ የቆመ ሰው ሳይቀር ማዶ የሚለው ቄጠማ በርን ነው። መምህር፣ ቃሌ ይመዝገብ!»

መዘገብኩ። ንግሥቲ አንገቷን ደፋች።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ። ታንኳው ደግሞ ሰው ለማሻገር ወደ ዋርካ ሥር ተመልሷል። ሰውመሆን አዲስ ኮት ለብሷልና ዝናቡ አስጨነቀው። ወንዙ ዳር ሮጦ ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገና በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«ኧረ ማዶ ያላችሁ! ታንኳ አምጡልን!»

አያ ቢሻው በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መጡና «መምህር፣ ይችም ትመዝገብ» አሉ።

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ብዕሬ ከእጄ ወደቀ፤ ንግሥቲ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሰውመሆን እጁ አፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቆይቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሁላችንም አብልጦ የሳቀው እሱ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ሰው እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ረታሽኝ» አላት እንባውን እየጠረገ። «በይ፣ ዋርካ ሥርን ውሰጅና አዛውሪ።»

«ምን ቆርጦኝ! ያንተም እናት እዚያ አሉ አይደል?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ሁለቱም ማዶ ስለሆኑ ሁለቱም ባሉበት ይቆዩ ብለህ ጻፍ።»

መጀመሪያ የፈረመው ሰውመሆን ነው። የበላይ አካል ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አስነብቦ፣ ምርጫ ጣቢያ ተጨምሮ የምርጫ ክልሉ እንዳለ ይቀጥል አለ። ዝናቡ ግን አልማረንም፤ ኮቱም አልተረፈም።

የምርጫው ዕለት በጠዋት ዋርካ ሥር ቆሜ ነበር። ከወዲያ ዳር አንዲት አሮጊት ቀለም የነካ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ተጣሩ።

«ማዶ ያላችሁ! ልጄን መረጥኳት!»

አጠገቤ ወረፋ ይዞ የቆመው ሰውመሆን እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«እሰይ፣ እማማ! የኔም እናት ይኸው ቆመዋል!»