የእንግሊዝ ሞተር ወኪል

እና ይቁሙ፣ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው መቆሙ ደንብ ነው፣ ይላል ሀብተጊዮርጊስ በሆዱ፣ ሰማንያ ዓመት ባለፈው ሆዱ፣ ሶፋው ላይ እንደ ዳኛ ተደላድሎ፣ ሦስቱ ሰዎች ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ኮታቸውን እንደያዙ፣ የፒዮሪያ ስትሪት በረዶ ከጫማቸው እየቀለጠ፣ ይቅለጥ፣ የምትጠርገው ልጁ ናት።

ግዛው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል፣ ጋሼ፣ ልጅዎን ትህትናን ለወልደየስ ልጅ ለዮናታን እንዲሰጡን ነው የመጣነው። ወልደየስ። ከሰው ሁሉ ወልደየስ። በሀብተጊዮርጊስ የፒያሳ ሱቅ ውስጥ የዕቃ ቤት ሠራተኛ የነበረ፣ ብሎን እየለየ ቆርቆሮ ውስጥ የሚጨምር ልጅ፣ እዚህ የፈረንጅ አገር መጥቶ ሌክውድ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቶ ሽማግሌ የሚልክ። ሱቁ ደጅ ላይ በትልቁ የእንግሊዝ ሞተር ወኪል ይል ነበር፣ ትራያምፍ፣ ኖርተን የሚባሉ ሞተርሳይክሎች፣ ስማቸው አፍ ይሞላል፣ ሲነሱ የሰፈር ውሻ ይበተናል፣ ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ አዎ ያንጠባጥባሉ፣ ታዲያ ምን ይሁን። ደንበኛ ሲያማርር ካርቶን ከሥሩ አንጥፍ ይለው ነበር፣ ካላንጠባጠበ ዘይት የለውም ማለት ነው፣ ሰው ይስቅ ነበር። ረግጦ ማስነሳት ያቃተው ወንድ በቅሎ ይግዛ፣ ይህንንም ይል ነበር፣ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛን መርገጫው መልሶ መትቶት እግሩ ሲሰበር ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠየቀው፣ ብርቱካን ይዞ፣ አረጋገጥ አታውቅበትም አለውና ወጣ።

ከዚያ የጃፓኖቹ ትንንሽ ሞተሮች መጡ። ወልደየስ አይቷቸው እየሮጠ መጣ፣ ጋሼ፣ በአውራ ጣት ነው የሚነሳው፣ ቁልፏን ጫን ሲያደርጓት፣ ከሥሩም ደረቅ ነው፣ እኛም እናስመጣ። ከበርሚንግሃሙ ፋብሪካ ለጉብኝት የመጣው እንግሊዝ፣ ፊቱ ቀይ፣ ውስኪውን እንደያዘ ሳቀ፣ ተዋቸው፣ ሕፃናቱን መንዳት ያስተምሩልን፣ ሲያድጉ ትልቁን ፈልገው ወደኛ ይመጣሉ። ሀብተጊዮርጊስም አብሮ ሳቀ፣ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ወልደየስን የመጫወቻ ነጋዴ አለው፣ ልጁ ሽርጡን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ፣ አጣጥፎ ነው ያስቀመጠው፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። ትልቁን ፈልጎ የመጣ የለም። መለዋወጫ ዘገየ፣ ቴሌግራም ቢልክ መልስ የለም፣ በኋላ ጋዜጣ ላይ ነው ያየው፣ ሊዘጋ የተፈረደበት ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹ በሩ ላይ እሳት አንድደው ሲሞቁ። ማን አሸነፋቸው፣ ማንም፣ ገዢው ዝም ብሎ በሌላ መንገድ አለፈ።

ጋሼ፣ ይላል ግዛው፣ እየሰሙን ነው?

እየሰማሁ ነው። ልጁ ምንድን ነው የሚነዳው?

ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ። ቶዮታ መሰለኝ፣ ይላል አንዱ፣ ሀብተጊዮርጊስ ይስቃል፣ ብቻውን፣ ረዘም አድርጎ።

ትህትና ኩሽናው በር ላይ ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ ነርስ፣ ለዛሬ ብላ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አባቷን የምታየው ካርቶን አንጥፍ የተባለ ደንበኛ እንደሚያይ ነው። ትናንት ለምናዋለች፣ ፕሊስ አባዬ፣ ጀስት እሺ በላቸው፣ ላንተ ብዬ ነው ያስመጣኋቸው። ይችላል እሺ ማለት። ምላሱ ላይ ነው ያለው። ዮናታንንም አይጠላውም፣ ሲያመው ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ማነው፣ ልጁ ያስመረረችው አባት ብቻ፣ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ደጅ ይጠናል፣ ወልደየስም በነዚህ ሰዎች እግር ይጥና፣ በረዶ ለበረዶ ያመላልሰዋል፣ ከዚያ በሦስተኛው፣ ደስ ካለው፣ ቁጭ በሉ ይላቸዋል።

ዛሬ አይሆንም፣ ይላል። ለዕቃ ቤት ልጅ ልጄን አልሰጥም ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም። አስብበታለሁ። ተመልሳችሁ ኑ።

ጋሼ፣ ሦስታችንም ፈረቃ ቀይረን ነው የመጣነው።

እንግዲህ ትቀይራላችኋላ።

ግዛው በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል፣ ያልተፈታ ማሰሪያ፣ ጊዜ እየሰጠው ነው፣ አንድ ቃል፣ ግዛው ቢለው ይበቃል፣ ሀብተጊዮርጊስ ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ፣ አይመለሱም አባዬ፣ ትላለች ትህትና።

ይመለሳሉ። ወጉ ነው።

ኖ፣ ትላለች፣ ሳትጮህ፣ በሽተኛ እንደምታናግር፣ ኮቷን ትደርባለች፣ ትወጣለች። በመስኮት ያያታል፣ ሽማግሌዎቹ መኪና ውስጥ ከኋላ ሁለቱ መሃል ገብታ ቀበቶዋን ስታስር፣ ሳትሰጥ የምትሄድ ሙሽራ፣ የዘንድሮ መኪና ድምፅ የለውም፣ መሄዱን ያወቀው በረዶው ላይ በቀረው የጎማ ዱካ ነው። ትሂድ። እናቷም እንዲህ ነበረች፣ አልነበረችም፣ እናቷ ሃያ ዓመት ችላዋለች። ትሂድና መጫወቻ ቤት ትግባ። ማታ መድኃኒቱን ማን ያቀብለዋል፣ ራሱ፣ እጅ አለው። የትኛው ነው የማታው፣ ነጩ፣ ነጮቹ ሁለት ናቸው።

ስልኩ ይጮኻል። ጋሼ፣ ይላል ወልደየስ፣ ድምፁ አርጅቷል፣ ጋሼ ማለቱን ግን አልተወም፣ ትህትና ደርሳለች፣ ምሳ እየበላች ነው፣ አይጨነቁ። ሀብተጊዮርጊስ ስድቡን ያነሳል፣ ሃምሳ ዓመት የተሳለ ስድብ፣ ወልደየስ ግን በለስላሳው ይቀጥላል፣ ቤተ ክርስቲያኑም አዳራሹም እኮ ተይዟል ጋሼ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ካምና ነው የያዝነው፣ ሽማግሌ የላክነው ለክብርዎ ነው፣ መንዳት ትተዋል አሉኝ፣ በመኪና እንዳይቸገሩ፣ የዚያን ቀን ሰው ልኬ አስመጣዎታለሁ፣ ከፊት ነው የሚቀመጡት።

አሁን ነው። አንተ ብሎን ለቃሚ፣ አንተ፣ አሁን ነው የሚባለው፣ አፉ ይከፈታል፣ ወዲያ ማዶ ሳህን ሲነሳ ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፣ የሷ፣ እዚህ ቤት እንዲህ ስቃ አታውቅም።

መኪናው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ይላል።