ዶምላ ቱራብ በሰዓት የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች

ዶምላ ቱራብ ከቼዝ ትምህርት ቤታችን ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ኮካንድ ከተማ ውስጥ ፈረስን ከግንብ መለየት ከእሳቸው የተማርን ሁሉ ግን ዛሬም «ዶምላ»፣ መምህራችን፣ እንላቸዋለን። ባለፈው የካቲት፣ በረዶው ከየጣሪያው መንጠባጠብ በጀመረበት ሳምንት፣ ደወሉልኝ።

«ሳዶቃት፣ ልጄ፣ አሁንም ትምህርት ላይ ነሽ ወይስ ድረውሽ ተገላገሉ?»

«ኧረ ትምህርት ላይ ነኝ፣ ዶምላ።»

«እንግዲያው ነይ። ነጥቤን የሚሰርቀኝ ሌባ አለ። አንቺ ሂሳብ አዋቂ አይደለሽም? ያዥልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አውራጃችን ለኢንተርኔት ቼዝ ሊግ የአራት ሰዎች ቡድን ያቋቁማል፤ አራተኛው ወንበር ዕድሜው ከስልሳ በላይ ለሆነ ተጫዋች የተመደበ ነው። ውድድሩ በኢንተርኔት ይሁን እንጂ ቡድኑ የሚጫወተው እየብቻው ሳይሆን ፈርጋና ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ እስከ በጋው መግቢያ በየቅዳሜው ነው። መመዘኛው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት፣ ሰዓቱ ያለቀበት በሚሸነፍበት ጨዋታ የሚገኝ ነጥብ ሲሆን፣ ከኖውሩዝ፣ ከጸደይ አዲስ ዓመት በዓል፣ በፊት ባለው አርብ እኩለ ቀን ላይ 2300 የደረሰ ወንበሩን ያገኛል። ዶምላ 2212 ላይ ነበሩ። ሃያ አራት ቀን ቀርቷቸዋል።

«ለምን ይሄን ያህል ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሩዝ ፒላፍ ያበላሉ ሲሉ ሰማሁ።»

ሳቅሁ። ባለቤታቸው ሙየሰር የልጃቸውን መንትዮች ለማሳደግ ካዛን ከተማ ከሄዱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ከአራቱ ክፍሎች ምድጃ የሚነድበት አንዱ ብቻ ነበር፤ ስምንት ሰው የሚያስቀምጠውን ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተሩና አንድ የሻይ ሲኒ ካሉበት ጥግ በቀር፣ ጋዜጣና የታጠበ ልብስ ይዞታል። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ከነጥቡ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ያኔ እያንዳንዱ ሽንፈት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ የታወቀ ሽንፈት ደግሞ ይታረማል ብዬ በፍጹም ልቤ አምን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ሃያ ጨዋታ ተመለከትኩ። ዶምላ እያንዳንዱን እርምጃ በማውስ ከተጫወቱ በኋላ ቀኝ እጃቸው ብድግ ይልና በስተቀኛቸው ያለውን ባዶ ጠረጴዛ መታ ያደርጋል።

«ዶምላ፣ ምን እየመቱ ነው?»

«ምን መታሁ?»

«የቼዝ ሰዓት ነው'ኮ የሚመቱት። እዚያ ሰዓት የለም።»

እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጠው አዩት። «አየሽ፣ ይሄ እጅ ጡረታ መውጣቱን አልነገሩትም።»

ግማሽ ሰከንድ በአርባ እርምጃ ሲባዛ ሃያ ሰከንድ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ትኩስ ሻይ እስከ አፉ የሞላ ሲኒ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ስንወለውል ቆየን፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ከማውሱ ላይ አልተነሳም። ከዚያ የመክፈቻ ስልቶቻቸውን ወደ ሁለት ቀነስናቸው። በየማለዳው በሁለትና በሦስት እርምጃ ንጉሥ መሸሻ አጥቶ ማት የሚሆንባቸውን መቶ ጥያቄዎች በሩጫ እንዲፈቱ፣ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፉም ተነስተው እስከ ውጭ በር ደርሰው እንዲመለሱ አዘዝኳቸው።

«ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን መልሰሽ ለእኔው ትሸጪልኛለሽ?» እያሉ አጉረመረሙ፤ ያልኳቸውን ግን ሁሉ አደረጉ። በአሥረኛው ቀን 2271 ደረሱ።

ከዚያም እዚያው ላይ ቆሙ። ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት አሥርና አሥራ ሁለት ነጥብ ይሰበስባሉ፤ እኔ ከትምህርት ወጥቼ አመሻሹ ላይ ስደርስ ነጥቡ ወደነበረበት ተመልሶ አገኘዋለሁ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ። የአንድ ዓመት ጨዋታዎቻቸውን በሙሉ ከሚጫወቱበት ድረ ገጽ አወረድኩና በየሰዓቱ ደረደርኳቸው። ነጥቡ የሚፈሰው ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚጫወቱት ከአንድ ሰው ጋር ነው። ራሱን «ገጠሬው 58» ብሎ የሰየመ፣ ነጥቡ 1900 ያልሞላ ተጫዋች ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጋጥመዋል። ዶምላ መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ተሸንፈዋል፤ ሁሉንም ሰዓት አልቆባቸው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያጭበረብራል ብዬ ነበር። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ስከፍት ግን ሰውዬው ምንም አላደረገም። ዶምላ ንግሥትና ግንብ ይዘው፣ በአንድ እርምጃ ማት ማድረግ ሲችሉ፣ ንጉሣቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ያንሸራሽራሉ። ለአንዲት ተራ እርምጃ ሃያ ሰከንድ ያስባሉ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሌላ ነበር። ባላጋራው ንጉሡ ብቻ ቀርቶት ሰዓት ቢያልቅባቸው ጨዋታው እኩል ይወጣል፤ ሕጉ ነው። በመቶ ሠላሳ ዘጠኙም ጨዋታ ዶምላ ሊበሉት የሚችሉትን አንድ ወታደር ሳይበሉ ትተውለታል።

በማግስቱ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ገጠሬው 58 ማን ነው?»

ሻይ እየቀዱ ነበር፤ ቀድተው ጨረሱ። «አላውቀውም።»

«መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎዎታል።»

«ጎበዝ ነዋ።»

«ዶምላ፣ ንግሥትና ግንብ ይዘው ነው'ኮ የተሸነፉት!»

«እጄ አርጅቷል።»

«ለሌላው ሰው ያላረጀ እጅ ለእሱ ብቻ ያረጃል? ወታደሩንስ ለምን አይበሉበትም?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ሲሸነፍ ‹አመሰግናለሁ› ይጽፍና ይሄዳል» አሉ። «ሲያሸንፍ ግን ‹እንድገም?› ይላል። ሁለትም ሦስትም ጊዜ እንድገም፣ እንድገም። ሌላ ነገር ተጻጽፈን አናውቅም።»

«ታዲያ ዝም ብለው አይሸነፉለትም? ሰዓት ማስጨረስ ምን ያደርጋል?»

ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ንግሥቴን በነፃ ላስበላ? እኔ? ሰዓቱ ይለቅ፣ ግድ የለም። ሰሌዳው ላይ ግን አልቀልድም።»

«እንግዲያው ይጻፉለት። ቢሸነፍም እንዲቆይ ይንገሩት።»

«ምን ብዬ? ስሙን ለማላውቀው ሰው ‹ቤቴ ባዶ ነው፣ አትሂድ› ልበለው? ተይ እንጂ፣ ፕሮፌሰር።»

ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን አሳየኋቸው። እሱን ማሸነፍ አንድ ነጥብ ይጨምራል፤ በእሱ መሸነፍ ስምንት ይቀንሳል። እስከ አርቡ ድረስ ብቻ ከእሱ ጋር ካልተጫወቱ ወንበሩ የእሳቸው ነው። ወረቀቱን አጥፈው ከሲኒው ሥር አስገቡት። ከዚያ «እሺ» አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ረቡዕ ዕለት 2303 ሆኑ። ያን ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ ሰባት ሰዓት ላይ አብሬያቸው ነበርኩ። «ገጠሬው 58 ጨዋታ ይጠይቃል» የሚለው ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሁለቱንም አልነኩም። ሠላሳ ሰከንዱ አለቀና ጠፋ። ተመልሶ መጣ፤ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ መጣ።

«ታምሜ ይመስለው ይሆናል» አሉ።

በአራተኛው የማውሱ ቀስት «እቀበላለሁ» ላይ ነበር። እጃቸውን አየሁ። ሠላሳው ሰከንድ አልቆ ጽሑፉ ሲጠፋ ቀስቱ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ጨዋታ ቢሸነፉ 2295፤ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቷል።

ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ለገጠሬው 58 በራሴ ስም ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ በጥንቃቄው ኮርቼም ነበር። ተጋጣሚው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት መሆናቸውን፣ ማት ማድረግ እየቻሉ ሰዓታቸውን የሚያስጨርሱት እሱ እንዳይሄድ መሆኑን ገለጽኩለት። እስከ አርብ እንዳይጠይቃቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ቢሸነፍም እንኳ ጥቂት እንዲቆይ በትሕትና ለመንኩት። እውነቱን ከተነገረው ሰው ሁሉ በጎውን ይመርጣል ብዬ ነበር።

መልሱ ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጣ። «እኔ የማሸንፍ ይመስለኝ ነበር። አመሰግናለሁ፣ እህቴ።»

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ጥያቄ አልመጣም። ዶምላ እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቀው እንደነበር በማግስቱ ነገሩኝ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አሉ።

አርብ በ2307 ስማቸው በቡድኑ ዝርዝር ላይ ወጣ። ወዲያው ካዛን ደወሉ፤ ከስልኩ ውስጥ የሙየሰር ድምፅ ይሰማኛል። «ጎሽ! ሹራብህን ይዘህ ሂድ፣ አዳራሽ ይበርዳል። ቆይ፣ ቆይ፣ አንዷ ወደቀች…» ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሆነም፣ መስመሩ ተቋረጠ። ዶምላ ስልኩን አስቀምጠው ወደ እኔ ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ ዛሬ ነፃ ነን። ሰባት ሰዓት ይምጣ እንጂ፣ እስኪጠግብ እንጫወታለን።»

«አይመጣም፣ ዶምላ» አልኩ።

የጻፍኩትንም የመለሰልኝንም ከስልኬ ላይ አሳየኋቸው። የእኔን ደብዳቤ ቶሎ አለፉት። የእሱን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ፈለጉ፤ ገጹ «ይህ ተጫዋች ከእርስዎ ጋር መጋጠም አይፈልግም» የሚል መልስ ሰጣቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ያሰብኩት…»

«አንድ ሰው እያሸነፈ ይኖር ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ምሳውን ይበላል፣ አንድ ሊቅ ያሸንፋል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሱ አንቺን ምን ጎዳሽ?»

ስልኬን መለሱልኝ።

«ሂሳብሽ ግን ልክ ነው» አሉ። «እሱ ላይ ስህተት የለም።»

ቅዳሜ ወደ ፈርጋና ሄዱ። ከዘጠኝ ጨዋታ ስድስት ተኩል አገኙ። ስለ ቡድን ጓደኞቻቸው ስጠይቃቸው «ጨዋ ልጆች ናቸው» አሉኝ፤ ሦስቱም ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው በየስክሪናቸው ላይ አቀርቅረው እንደሚውሉ፣ ፒላፉንም ስልካቸውን እያዩ እንደሚበሉ የሰማሁት ከአዳራሹ ጠባቂ ነው። ዶምላ የቡድናችን ጥሩ ውጤት አምጪ ሆኑ። በየሰኞው ነጥባቸውን እጽፋለሁ፤ ወደ ላይ ይሄዳል።

ከኖውሩዝ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሆኜ የጨዋታ ጥያቄ ላክሁላቸው። ሃያ ስምንት ሰከንድ ቆይተው ተቀበሉ። እኔ ከገጠሬው 58 የተሻልኩ ተጫዋች አይደለሁም። ዶምላ ግን ለእኔ ንጉሣቸውን አላንሸራሸሩም፤ በፍጥነት፣ በጥራት፣ እንዳሠለጠንኳቸው ተጫወቱ። በሃያ ስድስተኛው እርምጃ ንጉሤ መሸሻ አጣ። ምንም ባደርግ በሚቀጥለው እርምጃ ማት ነው። በሰዓቴ ላይ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነበረኝ።

በተሸነፈ ጨዋታ ላይ ሰዓት ይዞ መቀመጥ ነውር እንደሆነ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ከስማቸው አጠገብ ያለችው፣ ገጹ ላይ መኖራቸውን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ በርታ ነበር፤ የእኔ ሰዓት እስኪያልቅ መሄድ አይችሉም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቁጥሩ ሲወርድ እያየሁ ተቀመጥኩ።