ከኮምፔርሳቶው ወዲያ

እናቴ አስካለና ጎረቤታችን እትዬ ሳሊሀ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ከተዘጋጉ ዓመታት አልፈዋል። ገመዱ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የነሱን ኩርፊያ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰው የማያውቀው የጠዋቱን ነው። ቤታችን ድሮ የአንድ አርመን ነጋዴ ሳሎን ነበር። በደርግ ጊዜ ሲወረስ ቀበሌው መሃሉን በስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ከፍሎ ግማሹን ለኛ፣ ግማሹን ለነሱ ሰጠ። ኮርኒሱ ላይ የተሳለው ትልቅ አበባ እንኳን ሁለት ቦታ ተከፍሎ የደረሰን ግማሹ ነው። የእናቴም የእትዬ ሳሊሀም አልጋ የተጠጋው ያንኑ ኮምፔርሳቶ ነበር። እትዬ ሳሊሀ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዳ ስትጨርስ ኮምፔርሳቶውን ኳ ኳ ታደርጋለች። እናቴ ኳ ኳ ብላ ትመልሳለች። አለሁ፣ አለሽ ወይ ነው ነገሩ። ከዚያ ውጭ ሲገናኙ አንዷ ወደ መሬት፣ ሌላዋ ወደ ሰማይ እያየች ይተላለፋሉ።

ሰፈሩ ይፈርሳል የሚለውን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የምሩን ሲመጣ ታዲያ የሚያምን ጠፋ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ እምሩ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በአዲሱ ቦታም ጎን ለጎን መኖር የሚፈልግ ጎረቤት ካለ አብሮ ይመዝገብ አሉ።

«እማዬ፣ ከእትዬ ሳሊሀ ጋር እንመዝገብ» አልኳት።

«እኔ ልለማመጣት?»

«ማንም አይለማመጥም። እኔ እነግርልሻለሁ።»

«ሞቼ ነው ቆሜ። ከፈለገች እሷ ትጠይቅ።»

ወደ ልጇ ወደ ፈቲያ ሮጥኩ። እዚያም ያው ነው፤ እትዬ ሳሊሀ «እሷ ትምጣ» ብላለች። ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን ባሰብኝ። በእሪ በከንቱ በኩል ዶዘሩ ሲያጓራ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱ ሴትዮዎች ክብራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለቱንም ጠላኋቸው።

ስንደራደር ጋሽ እምሩ ቀደሙን። አንድ ቀን ፈገግ ብለው መጡ።

«ማክዳዬ፣ ገላገልኳችሁ» አሉኝ። «ከነሳሊሀ አራርቄያችኋለሁ። እናንተ ገላን፣ እነሱ አራብሳ። እናትሽ በእርጅናዋ እንኳን እፎይ ትበል።»

ደግ ሰው ናቸው። ማስታረቁ ስላቃታቸው መለየቱን እንደ ውለታ ቆጥረውታል። ያን ቀን ግን አንገታቸውን ባንቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለማስቀየር ሄጄ ደጅ ጠናሁ፤ አልቋል ተባልኩ።

የለቀቅን ዕለት ጠዋት ኳኳታው ተሰማ፣ እናቴም መለሰች። ከዚያ ገመዱን ልትፈታ ወጣች። ምሰሶዎቹ ባዶ ናቸው፤ የነሳሊሀን ዕቃ የጫነው መኪናም ሄዷል።

«ወሰደችው፤ አየሻት?» አለችኝ። እስከ ገላን ድረስ ያወራችው ስለ ገመዱ ብቻ ነው። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልወጣትም።

አዲሱ ቤት ጥሩ ነው፤ መዋሸት አልችልም። ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው። ግድግዳው ግን ድፍን ሲሚንቶ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እናቴ በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ለጠፈች፣ ደግማ አንኳኳች። ከዚያ በኋላ እህል አስጠላት። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትል እኔም አብሬ ዞርኩ። ፈቲያ ጋ ስደውል «የኔዋማ ግድግዳውን በዘነዘና ሁሉ ሞክራዋለች» አለችኝ።

ከፈቲያ ጋር ተማከርንና በሚስኮል ተስማማን። እትዬ ሳሊሀ ከሱብሒ በኋላ ደውላ ትዘጋለች፤ እናቴ መልሳ ደውላ ትዘጋለች። ማንሳት የለም፤ ኩርፊያ ላይ ናቸዋ። እናቴ እንደገና መብላት ጀመረች።

አንድ ጠዋት ስልኩ ዝም አለ። እናቴ ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። የፈቲያንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ዞር ስል እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ደረጃውን እየወረደች ነው።

«ወዴት ነው?»

«አራብሳ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«እጠይቃለሁ።»

ፈራሁ። ምን እንደምናገኝ እያሰብኩ ተከተልኳት። ፌርማታው ላይ ቆማ እየደጋገመች ትደውላለች። በመጨረሻ ጠራ። እንደ ወትሮው ቶሎ ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ጠራ፣ ጠራና ተነሳ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አለሁ» አለች እትዬ ሳሊሀ። «መብራት ጠፍቶ ነው። ስልኩ ሁሉ ሞቶ አደረ።»

እናቴ የምትዘጋው መስሎኝ እጇን ልይዛት ነበር።

«ገመዱን አንቺ ነሽ የወሰድሽው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የኔ ነው እኮ።»

«ነይና ውሰጂዋ።»

አውቶቡሱ ሲደርስ እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ ቀድማኝ ገባች።